ለአንድ ጣት የታከመ ሰፈር

ዳዶዋ ሙሉ ቀን ጫማዬ ውስጥ ነበረች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የብሎን ማሰሪያ ብረት ናት። ከማለዳ ጀምሮ ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ከእርሻው ሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ኮኪት ስጎትት ዋልኩ፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ፣ ስለቅ፣ እንደገና ስረግጥ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል፤ ዳዶዋ ከትንሿ ጣቴ ሥር ተቀብራለች። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ባለቤቴ አይታ ጮኸች፣ እኔ ደግሞ በጩኸቷ ተናደድኩ። «እኔን ያላመመኝን አንቺን ምን አመመሽ?» አልኳት።

ስኳር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ዓመታት አልፈዋል። ኪኒኑን ደስ ሲለኝ እውጣለሁ፣ ስናደድ እተወዋለሁ፤ የምናደደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው። ይህ በሽታ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ጥማት ነው፣ ቀጥሎ ድካም፣ ከዚያ አንድ ቀን እግርህ ብረት ረግጦ ውሎ ሳይነግርህ ይቀራል።

በማግስቱ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሲስተሯ ከደጋ ተመድባ የመጣች፣ ቆላውን ገና ያልለመደች ወጣት ናት። ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ «ይኼ ካልጠገገ ጣቱ ይቆረጣል። ከዚያ ካለፈ ደግሞ እግርዎ ነው» አለችኝ።

«ግራ እግሬ መሆኑን አይተሻል?» አልኳት።

«አዎ፣ ግራ» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈችው። አልገባትም። የትራክተር ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ ነው። ከትራክተር ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ለሌላ ሥራ የሚሆን ጠባይም አልተሰጠኝም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

ሲስተሯ ቀጥላ ለባለቤቴ አስረዳቻት። «እኛ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ከነኑሮው ነው የምናክመው። ምግባቸውን፣ እንቅልፋቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውን፣ ጭንቀታቸውን። ኪኒኑም በየቀኑ ነው። ቤተሰብና ጎረቤት ካልተባበራቸው ግን ብቻቸውን አይችሉትም።» ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጎረቤት የምትለዋን አጥብቃ ይዛ ወጣች።

ባለቤቴ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ቆላ ላይ ሻይ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት፣ ግማሿ ስኳር ነው። በዚያ ሙቀት ሰው ቆሞ የሚሄደው በሱ ነው። ከሁሉም ሰው ሻይ የሚወዱት ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነበሩ። ሽቶ፣ ቅመም፣ ከሱዳን የሚመጣ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲጋራ የላቸውም፣ ጫት የላቸውም፣ ያላቸው ሻይ ነው። አራት ማንኪያ ስኳር ጨምረው፣ ረጅም ጊዜ አማስለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጣሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ኒሙ ሥር የተቀመጠውን ሁሉ ሰበሰበችና የሲስተሯን ቃል ነገረች። የንስሐ አባታችን ነበሩ፣ ሐጂ ነበሩ፣ ሌሎች ደንበኞች ነበሩ፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ ሁለት የቀን ሠራተኞችም ነበሩ፣ ሳሉግ እንላቸዋለን። አባ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። ምን እንደሚታሰር ግን ማንም አላወቀም።

ሐጂ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ኸላስ፣ በቃ። የኡስታ ቁስል እስኪድን እኔም ስኳር አልቀምስም፣ ወላሂ» አሉ። ኡስታ የሚሉት እኔን ነው፤ ሾፌርና መካኒክን እንደ ሱዳኖቹ እንዲያ ነው የሚጠሩት።

ሐጂ ከማሉ በኋላ ማን ወደኋላ ይላል? አባ መስቀላቸውን አውጥተው የቀረውን ሰው ገዘቱ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ኒሙ ሥር የነበረ ሁሉ ስኳር እንዳይቀምስ። አንደኛው ሳሉግ ብድግ አለ። «ኧረ እኛስ መንገደኞች ነን፣ ለጥላው ነው አረፍ ያልን!»

«ጥላው ውስጥ ነበርክ» አለችው ባለቤቴ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

በማግስቱ ኒሙ ግንድ ላይ የካርቶን ማስታወቂያ ተሰቀለ፦ «ስኳር የለም። ሰው እያዳንን ነው።» ከጎንደር የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሻዩን ቀመሰና ማስታወቂያውን አነበበ፣ ደግሞ ቀመሰ። «እና ሻዩ ማንን ሊገድል ነው?» ብሎ ሄደ። ሐጂ ግን በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጣሉ። ስኳር የሌለበትን ሻይ በማንኪያ ያማስላሉ፣ ልማድ ነው፣ ያማስላሉ፣ ያማስላሉ። ያ የማንኪያ ድምፅ ነርቬን ይነካኝ ነበር። «ሐጂ፣ ምን ሊሟሟ ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን። «እጄ ይጠይቀኛል» አሉኝ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ መጣ። ሲስተሯ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ብላለች፤ እኔ ግን ቁስሉ ላይ እንዳልቆም ተከልክያለሁ፣ ትራክተሩንም ለሌላ ሾፌር አስረክቤያለሁ። ስለዚህ እነሱ ይራመዱልኝ ጀመር። ፀሐይ ስትበርድ አባ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላቸው፣ ሰፈሩ ተሰልፎ እስከ ትልቁ ግራር በፈጣን እርምጃ ይሄዳል። በሽተኛው እኔ በአህያ ጋሪ ተጭኜ ከኋላ እከተላለሁ። «ፍጠኑ እንጂ!» እላቸው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የኬላው ጠባቂ አስቆመን። እዚህ አገር ሰው ሲሄድ ይጭናል፣ ሲመለስም ይጭናል።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ወደ ግራሩ» አሉ አባ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንመለሳለን።»

«ምን ይዛችሁ?»

«ምንም።»

ይህን ሲሰማ ጥርጣሬው ባሰበት። ጋሪውን ፈተሸ፣ እኔን ከነፋሻዬ አንስቶ ከሥሬ አየ፣ የሐጂን ፔርሙስ አስከፍቶ ሻዩን ቀመሰ። «ስኳር የለውም!» አለ፣ አሁን በቃ ያዝኳችሁ በሚል ድምፅ። ነገሩን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀ። በሳምንቱ እሱ ራሱ የደም ግፊት አለብኝ ብሎ ጠመንጃውን እንዳነገተ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ከሁሉ የከፋው የጭንቀቱ ሕክምና ነበር። ንዴትና ድንጋጤ ስኳር ይጨምራል ተብሏልና ማንም እንዳያናድደኝ ተወሰነ። እኔ ደግሞ በጭቅጭቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኒሙ ይቆረጥ ስል «እሺ» ይሉኛል። ሻዩ ውሃ ነው ስል ባለቤቴ፣ ያቺ ባለቤቴ፣ «እውነትህን ነው» ትላለች። አንድ ቀን ሐጂን ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። «ልክ ነህ ኡስታ» ብለው ባዶውን ሻይ ማማሰል ቀጠሉ። የሚጣላው ያጣ ሰው ምን ያህል ብቸኛ እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባኝ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ባለቤቴ ስትከፍት አባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሐጂ ከጎናቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመዋል። በጎህ ሽማግሌ ተሰብስቦ ከመጣ ሰው ሞቷል፤ ይህን ማንም ያውቃል። እናቴ ደምቢያ ናት፣ ሰማንያን አልፋለች። «እናቴን!» ብዬ ራሴን ያዝኩ።

«እናትህ ደህና ናቸው» አሉ አባ፣ ትከሻዬን ይዘው። «ጽና ልጄ። የተፈጠረ ሁሉ ያልፋል።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካምቢዮው ነው» አሉ።

የትራክተሬ ካምቢዮ። ያ የሰጠሁት ሾፌር ማሽላ ጭኖ ዳገት ሲወጣ አንክቶታል። እንዳልደነግጥ ብለው ሦስት ቀን ደብቀውኝ፣ መክረው፣ እንደ ሥርዓቱ ሊያረዱኝ መጥተዋል። በር ላይ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ባለቤቴ ከልማዷ የተነሳ ማልቀስ ጀምራለች። እኔም እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ ስስቅ ያዩኝ ደግሞ ሐዘኑ ጭንቅላቴን የነካኝ መስሏቸው ይበልጥ አለቀሱ። ከሄዱ በኋላ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። የሚያጽናናኝ ነገር ፈለግሁ። የሚያጽናናኝ ነገር ደግሞ ነበረኝ።

የመፍቻ ሳጥኔን ለማንም አልሰጥም ብዬ ቤት አምጥቼው ነበር፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከመፍቻዎቹ ሥር ሐላዋ ነበረኝ፤ ከማዶ፣ ከሱዳን፣ በጣሳ የሚመጣው ጣፋጭ። ፋሻዬን ለማስቀየር ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር፣ ስመለስ ባጃጁን ከገበያው ጫፍ ያለ አንድ ሱቅ ፊት አስቆመዋለሁ። ማዶ ጦርነት ከሆነ ወዲህ ጣሳው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሲገኝ ሁለት እገዛለሁ።

አስቤበት ነው የማደርገው። ሐላዋ ከሰሊጥ ነው የሚሠራው። ሰሊጡን የምንዘራው እኛ ነን፤ አርመን፣ አጭደን፣ ነዶውን እርስ በርሱ አስደግፈን ሂላ አድርገን አቁመን፣ ሲደርቅ አራግፈን እንልከዋለን፣ በጣሳ ተሞልቶ ይመለስልናል። ሰሊጥ መድኃኒት ነው ሲባል ነው የኖርኩት። በገዛ ተሳቢዬ የጎተትኩት እህል እንዴት ይጎዳኛል? አባ የገዘቱት ስኳር ነው፣ ሰሊጥ አላሉም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ዐረብኛ ነው፣ እኔ ዐረብኛ አላነብም፤ ስለዚህ ስኳር አለበት የሚል ጽሑፍ አላየሁም። እንዲህ እያልኩ በማንኪያ ሳይሆን በጣቴ እበላ ነበር። ማንኪያ ድምፅ አለው።

በየካቲት ሲስተሯ መለኪያዋን ይዛ ኒሙ ሥር መጣች። እኔን ልትለካ ነው የመጣችው፤ ሰፈሩ ግን ተሰለፈ። «ሁላችንም ታክመናል፣ ሁላችንም እንለካ» አሉ። የአባ ቦርጭ ጠፍቷል። የኬላው ጠባቂ ግፊት ወርዷል። የሐጂ ጉልበት ለዓመታት ሲያነክሳቸው የኖረው ተፍታቷል። ባለቤቴ ከሠርጓ ወዲህ እንዲህ ቀላ ብላ አላየኋትም። ሲስተሯ ደስታዋን አልቻለችም። መጨረሻ ላይ የኔን ጣት ወጋች።

መለኪያውን አየችው። አራገፈችው። ባትሪ ቀየረች፣ ደግማ ወጋችኝ። ባለቤቴን ለካች፤ ደህና። እኔን ለካች፤ አይደለም። ከዚያ ፋሻውን ፈታችና ፊቷ ተለወጠ። «ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ጣቱ መቆየት የለበትም። እግሩን እናትርፍ። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚበሉት?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ኒሙ መለሰልኝ። «ጎመንና የማሽላ እንጀራ!» «እኛ ምስክር ነን!» የኬላው ጠባቂ በጠመንጃው ማለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የታመንኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ቀንም አፍሬ አላውቅም።

ጥፋቱ የኔ ካልሆነ የሌላ ሰው መሆን አለበት። «ያጎደልነው ነገር አለ» አለች ባለቤቴ እያለቀሰች። አባ አንገታቸውን ደፉ፤ በጥር ሠርግ ላይ አንድ ዋንጫ ብርዝ ቀምሰዋል። ከጎጃሞቹ ሳሉጎች አንደኛው፣ አገሩ ገብቶ እንኳ በየሳምንቱ እየደወለ «ቁስሉ አልደረቀም ወይ?» የሚለው፣ በስልክ ተጠየቀና የአጎቱ ቤት ከረሜላ መምጠጡን አመነ። እያንዳንዱ የራሱን ኃጢአት ሲፈልግ እኔ የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀምጫለሁ።

ያኔ ሐጂ ተናገሩ። «ረመዳን ሊገባ ነው። ዘንድሮ በቴምር አላፈጥርም። በውሃ አፈጥራለሁ።»

የካቲትና መጋቢት ቆላ ላይ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ወፍ እንኳ አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። እኒህ ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ውለው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾማቸውን የሚፈቱባትን አንዲት ቴምር ሊተዉ ነው። ለኔ ትንሽ ጣት።

ተነሳሁ። እያነከስኩ ቤት ገባሁና ሳጥኑን ጎትቼ አወጣሁ። ከፍቼ መፍቻዎቹን አነሳሁ። ሰባት ባዶ ጣሳና አንድ ግማሽ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አልኩ። «መለኪያው ልክ ነው። እናንተም ምንም አላጎደላችሁም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ!» ብላ ጀመረች፤ አራት ወር ሙሉ የታመቀ ስድብ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደብኝ። አባ ጨመሩበት። የኬላው ጠባቂ ሊያስረኝ ፈለገ፣ በምን እንደሆነ ግን አልተገኘለትም። ስልኩ ላይ ያለው ሳሉግ ሳይቀር በጎጃምኛ ሰደበኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተቆጡኝ።

ሐጂ ብቻ አልተቆጡም። ባዶውን ሻይ ያማስላሉ።

«አውቅ ነበር ኡስታ» አሉ፣ ሌላው ሲደክመው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት። አርባ ዓመት የነገድኩት ዕቃ ነው። ሐላዋ የበላ አፍ ሽታው አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምንስ ይኼን ሁሉ ጊዜ መራራውን ጠጡ?»

«እኔ የማልኩት በራሴ አፍ ነው» አሉ። «ባንተ አፍ አልማልኩም።»

ትንሿ ጣቴ ተቆረጠች። እግሬ ተረፈ። ቁስሉ የደረቀው ከኢድ በኋላ ነው፤ ሐጂም ቃላቸውን አላጠፉም፣ ረመዳንን በሙሉ በውሃ አፈጠሩ። በየምሽቱ መግሪብ ሲደርስ በሬ ላይ ተቀምጬ ከመንገዱ ማዶ ውሃውን ሲያነሱ አያቸው ነበር። ኪኒኔን የምውጠው ያን ጊዜ ነው። ከሳቸው እኩል።

ሲስተሯ ቁስሉ ዳነ ባለች ቀን ማስታወቂያው ከኒሙ ወረደ፣ ባለቤቴም የስኳሩን ጣሳ አምጥታ ሐጂ ፊት አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ማንኪያውን ስኳሩ ውስጥ ነከሩና እጃቸው ቆመ።

«ኡስታ፣ ትናንት በላህ?» አሉኝ።

«አልበላሁም።»

«ኪኒኑስ?»

«ውጬዋለሁ።»

አራት ማንኪያ ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በማግስቱም ጠየቁኝ። በሳምንቱም። ሰፈሩ ወደ ስኳሩ ተመልሷል፤ ሰልፉም ተበትኗል፣ የኬላው ጠባቂ ብቻ ነው የቀረው። ሐጂ ግን ሳይጠይቁኝ ማንኪያውን አያነሱም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣ፣ ካምቢዮው ተጠግኖ እኔም ትራክተሬ ላይ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑ አራት ጣት ይበቃዋል። አንድ ቀን እርሻ ላይ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ምሳው ላይ ሐላዋ ከፈተና ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ። አንድ ጉርሻ ነው። ማንም አላየኝም፣ ኒሙም ሩቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ማንኪያቸውን የስኳሩ ጣሳ አፍ ላይ ይዘው ጠየቁኝ። መዋሸት እችል ነበር። አፌን በሚገባ ታጥቤያለሁ።

«በላሁ» አልኳቸው።

የስኳሩን ጣሳ ከድነው ወደ ባለቤቴ ገፉት። ባዶውን ሻይ ማማሰል ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ ማንኪያው ብርጭቆውን እየነካ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አማሰሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት።

ከዚያን ቀን ወዲህም ሐጂ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ መራራ ሻይ ግን ጠጥተው አያውቁም።